ደፍ ተሻግሮ የሚወርድ ውሃ
ምዕራፍ ስድስት

ጅቡቲ ከተማ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። ከሃያብለ ሰፈር እስከ ወደቡ ያለው ነዋሪ ለብዙ ዘመን የኖረው በጉድጓድ ውሃ ነው። ከ2017 ወዲህ ደግሞ ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ከአዲጋላ አካባቢ የሚነሳ ቧንቧ ድንበር ተሻግሮ ይደርስለታል። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2021 ሦስተኛ ምንጭ ተጨመረ፦ ዶራሌ ላይ የቆመውና በቀን 22,500 ሜትር ኩብ የማምረት አቅም ያለው የባሕር ውሃ ማጣሪያ።

ከባሕር ውሃ የሚጠጣ ውሃ ሲወጣ ጨው አይጠፋም። የትም ዓለም ባሉ እንዲህ ያሉ ማጣሪያዎች ጨው የበዛበት ትርፍ ውሃ ይቀራል፤ መመለሻውም ባሕሩ ነው። ይህ ትርፍ ውሃ ከአካባቢው ውሃ ስለሚከብድ፣ ቶሎ ካልተደባለቀ በስተቀር ላይ አይንሳፈፍም፤ ወለል ለወለል እየተሳበ ወደ ጥልቁ ያመራል። መሐንዲሶች መልቀቂያውን ቱቦ ሲነድፉ ዋናው ጭንቀታቸው እዚህ ላይ ነው፦ ውሃው ከመሬቱ ላይ ከመተኛቱ በፊት በምን ፍጥነት ይደባለቅ?

ከከተማዋ ወደ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ተፈጥሮ ይህንኑ ሥራ በሌላ መጠን ይሠራዋል። ማጣሪያው ቀይ ባሕር ነው፤ ኃይሉ ፀሐይ ነው፤ መልቀቂያው ደግሞ የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ።

ሁለት ሜትር በዓመት

ከቀይ ባሕር ገጽ በየዓመቱ 2 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ውሃ ተንኖ ይሄዳል። ዝናቡ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ይህ ነው የሚባል ወንዝም አይገባበትም። የባሕሩ አማካይ ጥልቀት 490 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በደቡብ ያለው በር ቢዘጋ ኖሮ በ250 ዓመት ውስጥ ይደርቅ ነበር። ጎንደር ከተቆረቆረች ያለፈው ጊዜ እንኳ ከዚህ ይረዝማል። ይህ ባዶ ስሌት አይደለም። የዳሎል የጨው ሜዳ በአንድ ወቅት የቀይ ባሕር ክንድ ነበር፤ ከዋናው ባሕር ሲቆረጥ ውሃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። ዛሬ አሞሌ እየተቆረጠ በግመል የሚጫነው ከዚያ ቅሪት ነው።

ዋናው ቀይ ባሕር ዳሎልን ያልሆነው ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ውሃ ስለሚገባለት ነው። ግን መግባቱ ብቻ አይበቃም። የሚገባው ውሃ ራሱ ጨው ይዞ ይመጣል፤ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ 36 ግራም ተኩል ገደማ። ውሃው እየተነነ ጨው እየቀረ ቢሄድ ባሕሩ ከዘመን ዘመን እየመረረ በመጣ ነበር። ስለዚህ የገባው ጨው የሚወጣበት መንገድ መኖር አለበት፤ አለም።

ውሃው ከወሽመጡ ወደ ሰሜን በተጓዘ ቁጥር ጨዋማነቱ እየጨመረ ሄዶ በሰሜኑ ጫፍ 40 ግራም ያልፋል። በብርዱ ወራት እዚያ ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፣ ይሰምጣል፣ ከታች ሆኖ ወደ ደቡብ ይመለሳል። ላይ ላዩን ቀለል ያለ ውሃ ሲገባ፣ ከሥሩ ከባዱ ይወጣል። አንድ በር፣ ሁለት ተቃራኒ ወንዞች፤ አንዱ በአንዱ ጀርባ ላይ።

በሩ የሚከፈትበትና የሚገፋበት ወቅት

በሩ ጠባብ ነው። የፔሪም ደሴት ለሁለት ይከፍለዋል፦ በየመን በኩል 3 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋትና ወደ 30 ሜትር ጥልቀት ያለው ትንሽ መተላለፊያ፣ በአፍሪካ በኩል ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋትና ከ300 ሜትር ያላነሰ ጥልቀት ያለው ትልቁ። ነገር ግን የሚወጣውን ውሃ የሚቆጣጠረው ይህ ጠባብ ቦታ ብቻ አይደለም። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ፣ የባሕሩ ወለል ሽቅብ ይነሳና 137 ሜትር ጥልቀት ብቻ ያለው ደፍ ይሆናል። ከደፉ በስተሰሜን ባሕሩ ከ2,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ከደፉ በታች ያለው ውሃ ሁሉ እንደ ጓዳ የታጠረ ነው።

የዚህን አጥር ውጤት በቴርሞሜትር ማየት ይቻላል። በሕንድ ውቅያኖስ 2,000 ሜትር የወረደ መሣሪያ 3 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ያነብባል። በቀይ ባሕር ያንኑ ያህል ጥልቀት ቢወርድ 21 ዲግሪ ተኩል ያነብባል፤ ለሞቃት ክፍል የሚበቃ ሙቀት፣ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት። ቀዝቃዛው የውቅያኖስ ውሃ ደፉን መሻገር አይችልምና።

በወሽመጡ ያለው ልውውጥ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የጣሊያን መርከብ አሚራሊዮ ማንያጊ በ1920ዎቹ ጅረቶቹን ለክታ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የተከታተለ ልኬት ግን የተገኘው ተመራማሪዎቹ ስቲቨን መሪና ዊልያም ጆንስ ከ1995 ጀምሮ መሣሪያዎችን ወለሉ ላይ መልሕቅ አስረው ካቆሙ በኋላ ነው። በ1997 ያሳተሙት ውጤት ሁለት ወቅቶችን አሳየ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ገደማ፣ በደቡባዊው ቀይ ባሕር ነፋሱ ከደቡብ ሲነፍስ፣ ላይኛው ይገባል ታችኛው ይወጣል፤ በየካቲት ወር የሚወጣው በሰከንድ ከ600,000 ሜትር ኩብ በላይ ይደርሳል። ኢትዮጵያ ውስጥ ክረምት በሚባሉት ወራት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሃያብለ ላይ ካምሲን የሚባለው ሞቃት ነፋስ አሸዋ ተሸክሞ ሲለበልብ፣ በወሽመጡ ላይ ነፋሱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ዞሮ የላይኛውን ውሃ ከቀይ ባሕር ወደ ውጭ ይገፋል። የጎደለውን ለመተካት ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ቀዝቃዛና ለባሕር ሕይወት የሚመግብ ውሃ በመሐል ሾልኮ ይገባል። የታችኛው ከባድ ውሃ ይዳከማል፤ በነሐሴ በሰከንድ 50,000 ሜትር ኩብ ያህል ብቻ ይቀራል። ሁለቱ ወንዞች ሦስት ይሆናሉ።

የዓመቱ አማካይ ወደ 360,000 ሜትር ኩብ በሰከንድ ነው። ዓባይ ከኢትዮጵያ ድንበር ሲወጣ በዓመት ወደ 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይዞ ይሄዳል፤ በሰከንድ ሲመነዘር 1,600 ያህል። እንግዲህ በባብ ኤል መንደብ ሥር ማንም ሳያየው ከ200 ዓባይ በላይ ይፈስሳል። በየሰከንዱ ይዞት የሚወጣው ጨውም ከ14,000 ቶን አያንስም።

ቁልቁለቱ ላይ ምን ይሆናል?

ይህ ውሃ ከበሩ ወጥቶ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ሲደርስ ከፊቱ ቁልቁለት አለ። ሳይደባለቅ ቢወርድ ኖሮ ክብደቱ እስከ ባሕረ ሰላጤው ወለል ያደርሰው ነበር። ግን አይደርስም፤ ከ400 እስከ 850 ሜትር ባለው ጥልቀት ላይ ቆሞ ወደ ጎን ይነጠፋል። ያስቆመው ምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት በ2001 ሁለት የምርምር መርከቦች ተልከው ነበር፤ ከየካቲት እስከ መጋቢት ኖር፣ ከነሐሴ እስከ መስከረም ሞሪስ ዩዊንግ። ኖር በ1985 ታይታኒክን ያገኘችው መርከብ ናት። ጥናቱን ከመሩት መካከል በአሜሪካ የዉድስ ሆል ውቅያኖስ ጥናት ተቋም ተመራማሪዋ ኤሚ ባወር፣ ከማያሚ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ዊልያም ጆንስና ሃርትሙት ፒተርስ ይገኙበታል። ባወር ገና ተማሪ ሳለች የዓይኗ ብርሃን እየደከመ የሄደ ሳይንቲስት ናት፤ የምታጠናው ደግሞ ለማንም ዓይን የማይታይ ፏፏቴ ነው።

ያገኙት ይህን ነው። የሚወርደው ውሃ ሰፊ ምንጣፍ ሆኖ አይወርድም፤ በወለሉ ላይ በተቆረጡ ሁለት ቦዮች ይከፈላል። ሰሜናዊው ቦይ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ስፋቱ ግን 5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ጠባብ ሸለቆ ነው። በውስጡ የሚሄደው ውሃ በግድግዳ ስለተከለለ ከላይ ካለው ቀላል ውሃ ጋር የሚነካካበት ገጽ ትንሽ ነው፤ ስለዚህም ጨዋማነቱን ብዙም ሳይለቅ ጠልቆ ይወርዳል። ደቡባዊው ቦይ ሰፋ ያለ ነው፤ ውሃው ይነጠፋል፣ ይሳሳል፣ ብዙ ይደባለቃል፣ ቀለል ስለሚልም ከፍ ብሎ ይቆማል። ከአንድ በር የወጣ አንድ ውሃ፣ በወለሉ ቅርጽ ምክንያት ብቻ፣ በተለያየ ጥልቀት ሁለት ዕጣ ይደርሰዋል።

ቀረብ ብለን የዚህን ወራጅ ውሃ አንድ ቁራጭ እንይ። ከወለሉ አጠገብ ያለው ክፍል ከመሬቱ ጋር እየተፋጨ ስለሚሄድ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ጨዋማነት ያለው ነው። ከእርሱ በላይ ድንበር አለ፦ ከታች ከባዱ በሰከንድ ከግማሽ ሜትር በላይ እየተጓዘ፣ ከላይ ቀላሉ ቆሞ ለማለት በሚያስደፍር ዝግታ። ሁለት ንብርብሮች በተለያየ ፍጥነት ሲንሸራተቱ ድንበሩ ይሞገዳል፤ ሞገዱ ይጠቀለላል፤ ጥቅልሉ ይሰበራል። ከትልቁ ጥቅልል ትናንሽ አዙሪቶች ይወለዳሉ፤ ከእነርሱም የባሱ ትናንሾች፤ እስከ ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በታች ድረስ። ሳይንቲስቶች ነውጥ የሚሉት ይህን ነው። ነውጥን የሚለካው መሣሪያ ከመርከብ ወርዶ በራሱ ክብደት ሲሰምጥ፣ ጫፉ ላይ ያለችው ጥፍር የምታህል መዳሰሻ በየሴንቲ ሜትሩ ያለውን የፍጥነት መለዋወጥ ትመዘግባለች። 

በዚህ ድንበር ላይ ወራጁ ውሃ የላይኛውን እየዋጠ ይወፍራል፤ በጉዞው መጨረሻ መጠኑ ከእጥፍ በላይ ይደርሳል። ጨዋማነቱም ከ40 ግራም ወደ 39 እና ከዚያ በታች ይወርዳል። ጨዋማነቱ ሲቀንስ ይቀላል፤ ሲቀል ደግሞ ክብደቱ ከዙሪያው ውሃ ጋር እኩል የሚሆንበት ጥልቀት ላይ ይቆማል። ውሃው የት እንደሚያርፍ የወሰኑት የተነሳበት ባሕር ጨውና ሙቀት ብቻ አይደሉም፤ ቁልቁለቱ ላይ ያሳለፋቸው ጥቂት ቀናትም ናቸው።

ማማሰል ጉልበት ይጠይቃል

የመደባለቅን ዋጋ ለመረዳት ብርዝ የሚያዘጋጅ ሰው ማየት ይበቃል። ማር ውሃ ውስጥ ሲገባ ከሥር ይተኛል፤ ካልተማሰለ ለረጅም ጊዜ እዚያው ይቆያል፣ ላዩ ቀጭን ውሃ ሆኖ ይቀራል። ማንኪያው ሲዞር ማሩ መጀመሪያ ክር ክር ይሆናል፤ ክሮቹ እየተጎተቱ ሲቀጥኑ ከውሃው ጋር የሚነካኩበት ገጽ ይበዛል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም አንድ ይሆናል። አንድ ነገር ልብ እንበል፦ ከታች የነበረው ከባድ ማር ወደ ላይ ተነስቷል። ከባድን ነገር ማንሳት ሥራ ነው፤ ጉልበቱን የከፈለው ክንድ ነው።

የዓለምን ውቅያኖስ የሚያማስለው ክንድ የማን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የሙያውን ሰዎች ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አከራክሯል። በሰሜን አትላንቲክና በአንታርክቲካ ዙሪያ በየሰከንዱ ከ25 እስከ 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚገመት ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ጥልቁ ይሰምጣል። የሰመጠው ካልተነሳ ውቅያኖሱ ከሥሩ ጀምሮ በቀዝቃዛ ውሃ ይሞላና ዑደቱ ይቆማል። የውቅያኖስ ተመራማሪው ዋልተር ሙንክ በ1966 እንዲህ ሲል አሰላ፦ የሚነሳው ውሃ እንዲሞቅና እንዲቀል ከላይ ሙቀት ወደ ታች መደባለቅ አለበት፤ ይህም በጥልቁ ውቅያኖስ ሁሉ ከተዳረሰ የመደባለቁ መጠን በሰከንድ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር መሆን ይኖርበታል። በ1998 ከካርል ዉንሽ ጋር ሆኖ የጉልበቱን ሒሳብ ሲሠራ 2 ቴራዋት ገደማ ሆነ። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሙሉ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ 2 ቴራዋት ማለት 390 ያህል እንዲህ ያሉ ግድቦች ያለ ፋታ ሲሠሩ ማለት ነው።

ከፋዮቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ነፋስ ነው። ሌላው ጨረቃ ናት። ጨረቃ የምታመጣው ሙላትና ጉድለት የባሕሩን ውሃ ሁሉ፣ እስከ ወለሉ ድረስ፣ በቀን ሁለቴ ያመላልሰዋል፤ ውሃው ከወለል ተራሮች ጋር ሲጋጭ በንብርብሮቹ መካከል የውስጥ ሞገድ ይነሳል። እነዚህ ሞገዶች ላይ ላዩን ሳይታዩ ቁመታቸው መቶ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ሲሰበሩም ያማስላሉ። ለጥልቁ ውቅያኖስ ከዚህ የሚደርሰው 1 ቴራዋት ያህል ነው።

ችግሩ የመጣው ልኬት ሲጀመር ነው። መርከቦች በሰፊው ውቅያኖስ መሐል መሣሪያ ሲጥሉ ያገኙት መደባለቅ ሙንክ ከገመተው አንድ አሥረኛ ብቻ ሆነ። የቀረው የት ነው? በ1990ዎቹ አጋማሽ ኩርት ፖልዚንና ባልደረቦቹ ከብራዚል ማዶ ባለው የአትላንቲክ ጥልቅ ገንዳ ፈለጉት። ወለሉ ሜዳ በሆነበት ውሃው ጸጥ ያለ ነበር። ወደ ምሥራቅ፣ የመካከለኛው አትላንቲክ ተራራ ሰንሰለት ወደሚጀምርበት ሲጠጉ ግን መደባለቁ በብዙ እጥፍ ዘለለ። ውቅያኖሱ በእኩል አይማሰልም፤ የሚማሰለው ወለሉ ወጣ ገባ በሆነበት፣ ቁልቁለት ባለበት፣ መተላለፊያው በጠበበበት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ የበለጠ ተገልብጧል። ወደ ወለሉ በቀረቡ ቁጥር ነውጡ የሚበረታ ከሆነ፣ በሰፊው መሐል ያለው ውሃ እንደውም ወደ ታች ይወርዳል፤ የሚነሳው በተዳፋቱ ላይ ተለጥፎ ባለ ቀጭን ንብርብር ውስጥ ብቻ ነው። ይህ ለጥቂት ዓመታት በወረቀት ላይ የቆየ ስሌት ነበር። በ2021 ተመራማሪዎች ከአየርላንድ ምዕራብ ባለ የባሕር ሥር ሸለቆ ወለሉ አጠገብ ቀለም ለቀው ተከታተሉት፤ በ2024 እንዳሳተሙትም ቀለሙ ተዳፋቱን ይዞ በቀን 100 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ሽቅብ ወጣ። የውቅያኖስ ዑደት አንድ ሺህ ዓመት ይፈጃል እየተባለ ሲነገር ለኖረ ሰው ይህ የሚያስደነግጥ ፍጥነት ነው።

በአንድ ደፍ ላይ የተንጠለጠለ ባሕር

ከዚህ አንጻር ባብ ኤል መንደብን እንደገና ስናየው ከአካባቢ ወሬነት ያለፈ ነገር ይሆናል። ጠባብ ቦታ ሰፊ ነገርን እንደሚገዛ ማስረጃው የራሱ የቀይ ባሕር ታሪክ ነው። ከ20,000 ዓመት በፊት ገደማ፣ የበረዶ ዘመኑ በበረታበት ጊዜ፣ የዓለም ባሕሮች ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ነበር። ዛሬ 137 ሜትር ጥልቀት ባለው ደፍ ላይ የቀረው ውሃ 17 ሜትር ያህል ብቻ ሆነ። ልውውጡ ሲታነቅ ጨዋማነቱ ከ50 ግራም አለፈ፤ በውሃው ላይ ይንሳፈፉ የነበሩት ጥቃቅን ባለ ዛጎል ፍጡራን ከአብዛኛው ባሕር ጠፉ። የወለሉ ደለል ይህን መዝግቦ ይዟል። ኤልኮ ሮሊንግና ባልደረቦቹ በ1998 ይህንኑ መዝገብ ገልብጠው ተጠቀሙበት፦ የዛጎሎቹ ኬሚስትሪ በደፉ ላይ ምን ያህል ውሃ እንደነበር ስለሚናገር፣ ባለፈው ግማሽ ሚሊዮን ዓመት የዓለም ባሕሮች እስከ ምን ድረስ ዝቅ ብለው እንደነበር ከቀይ ባሕር ጭቃ ማንበብ ተቻለ።

የሚወጣው ውሃ መዳረሻም ሩቅ ነው። በኤደን ባሕረ ሰላጤ እስከ ጥልቁ የሚዘልቁ ግዙፍ አዙሪቶች እየገፉና እየቆራረሱ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ያስገቡታል። ከዚያም በአፍሪካ ጠረፍ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ በሞዛምቢክ ወሽመጥና በደቡብ አፍሪካ የአጉላስ ጅረት ውስጥ፣ ከ1,000 ሜትር በታች፣ ጨዋማነቱ አሁንም ማንነቱን ይመሰክራል።

አሁን ወደ አየር ንብረት ትንበያ እንምጣ። ሰዎች ያቃጠሉት ነዳጅ ካመጣው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የገባው ውቅያኖስ ውስጥ ነው። ሙቀቱ ላይ ላዩን ይቀመጣል ወይስ ወደ ጥልቁ ይወርዳል የሚለው በመደባለቅ ይወሰናል። ትንበያውን የሚሠሩት የኮምፒውተር ሞዴሎች ውቅያኖሱን በካሬ ይከፋፍሉታል፤ በብዙዎቹ የአንዱ ካሬ ጎን ከ25 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነው። 5 ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ሰሜናዊው ቦይ በእንዲህ ያለ ካሬ ውስጥ የለም። ባብ ኤል መንደብ ራሱ አንድ ካሬ ሊሆን ወይም ጨርሶ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ሞዴል ሠሪው የነውጡን ውጤት በቀመር ማስገባት አለበት። ቀመሩ መደባለቁን ካበዛው የቀይ ባሕር ውሃ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ካሳነሰው እስከ ወለል ይሰምጣል። በሁለቱም መንገድ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ያለው የሕንድ ውቅያኖስ ጨውና ሙቀት ይዛባል። በ2001 የተሰበሰበው ልኬት ከዚያ በኋላ እንዲህ ያሉ ቀመሮች የሚፈተኑበት መለኪያ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ውሃው ከየት እንደተነሳና የት እንዳረፈ ይታወቃል፣ በመሐል የሆነውን በትክክል ያላገኘ ቀመር ይወድቃል።

የውቅያኖስ ዑደት በመማሪያ መጻሕፍት ሲሳል ብዙውን ጊዜ ዓለምን የሚዞሩ ሁለት ቀስቶች ይሆናል፤ ቀዩ ላይ ላዩን፣ ሰማያዊው ከሥር። ሥዕሉ ስሕተት አይደለም፤ ግን ቀስቱ ከሰማያዊ ወደ ቀይ የሚቀየርበትን ቦታ ባዶ ትቶ ያልፋል። ያ ቦታ ነው ሥራው የሚሠራበት፤ ደፍ፣ ቦይ፣ ተዳፋት፣ የተሰበረ ሞገድ። እንዲህ ያለ ካርታ ሲያጋጥም መጠየቅ ያለበት ጥያቄም ይኸው ነው፦ ይህ ውሃ የተደባለቀው የት ላይ ነው፣ ጉልበቱንስ የከፈለው ማን ነው? ለቀይ ባሕር ውሃ መልሱ በጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ውስጥ ተገኝቷል። ለቀሩት ገና ቦታ በቦታ መለካት አለበት።